ከጋላቢነት ወደ ባልደራስነት፦ ለጥር 23 የሚዘጋጁ ሦስት ፈረሶች

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 43 ነው፤ ነዋሪነቴ አንከሻ ጓጉሳ ወረዳ። በጥር 23ም፣ በጥምቀትም፣ በሰርግም 18 ዓመት ጋልቤአለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ወድቄ ጉልበቴ ስለተጎዳ ውድድር ተውኩ፤ ክብደቴም 78 ኪሎ ገብቷል። አሁን ሦስት ጎረቤቶቼ 'አንተ ታውቅበታለህ' ብለው ፈረሶቻቸውን ለእንጅባራው የጥር 23 የፈረሰኞች በዓል እንዳዘጋጅላቸው ሊሰጡኝ ነው። አንዱ መልኩ ዳማ የሆነ የ9 ዓመት ፈረስ ነው፤ አምና ጥሩ ሮጦ መጨረሻው ላይ ደከመበት። ሁለተኛው ቡላ ነው፤ ባለቤቱ 5 ዓመት ሞልቶታል ይላል፣ እኔ ግን አልመሰለኝም። ሦስተኛው ጉራች ነው፤ ሲሮጥ ጉሮሮው እንደ ወናፍ ያጓራል። ባለቤቱ ገብስ ሲወደድ ጓያ እየቀላቀለ ነው የሚያበላው። ከየት ልጀምር? ስንት ልጠይቅ? ቀን በቀን ብጋልባቸው ይበቃል?» ፈረሰኛው፣ ከአንከሻ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሳ። ቀን በቀን መጋለብ አይበቃም፤ እንዲያውም እነዚህን ፈረሶች እርስዎ ራስዎ ባይጋልቧቸው ይሻላል።

አንደኛው ምክንያት ክብደት ነው። የፈረስን ክብደት ያለ ሚዛን ማወቅ ይቻላል። ከፊት እግሩ ክርን ኋላ ብለው ደረቱን በትከሻው ጉብታ ላይ አዙረው ይለኩ። ቀጥሎ ከፊት ካለው የትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚያልቅ በሲባጎ ለክተው ሲባጎውን መሬት ላይ ቢለኩት ይቀላል። የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙ፣ የወጣውን በርዝመቱ ያባዙ፣ ከዚያ ለ11,880 ያካፍሉ። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 145 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 275 ኪሎ ገደማ ነው። ፈረስ በጀርባው በደኅና የሚችለው የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ እሱም ጋላቢው፣ ኮርቻው፣ ድብዳቡ (ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው)፣ ግላሱና መርገፉ ሁሉ ተደምሮ። ለ275 ኪሎ ፈረስ 55 ኪሎ ማለት ነው። እርስዎ ኮርቻው ሳይቆጠር 78 ነዎት። በበዓል ቀን ለአንድ ዙር ይችልዎት ይሆናል፤ 16 ሳምንት ሙሉ ግን ጀርባውና የፊት እግሩ ጅማት አይችሉትም።

ሁለተኛው ምክንያት ይብሳል። ከኮርቻ ላይ የሚታየው ጆሮና ጋማ ነው። ፈረስ ማንከስ ሲጀምር ጋላቢው የሚያውቀው ነገሩ ከባሰ በኋላ ነው፤ መሬት ላይ የቆመ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ሊያየው ይችላል። ልጅ በገመድ ይዞ ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ወደ እርስዎ ያምጣው፤ ገመዱ ይላላ፣ ራሱ ነጻ ይሁን። የፊት እግሩ የታመመ ፈረስ ሕመምተኛው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ከፍ ያደርጋል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ሰው ራሱ ዝቅ ያለበትን እግር ነው የታመመ የሚለው፤ ተቃራኒው ነው። የኋላ እግር ከሆነ ከኋላው ቆመው ዳሌውን ይዩ፤ ከሌላው በላይ ከፍና ዝቅ የሚለው በኩል ነው ችግሩ።

አሉላን አባ ነጋ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እያልን ጌታውን በፈረሱ ስም እንጠራለን፤ ገብሱን የለካውን ባልደራስ (ፈረስ የሚጠብቅና የሚያዘጋጅ ሰው) ስም ግን የሚያስታውስ የለም። አሁን የሚገቡበት ሥራ ይኸኛው ነው፤ ጭብጨባ የለውም።

ስለዚህ ጋላቢ ይፈልጉ። ኮርቻውን ከነሙሉ ዕቃው እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ 8 ኪሎ ከሆነ ልጁ ከ47 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ቀላል የሚባል ሕፃን አይምረጡ። ፈረሱን በዛብ (በልጓሙ ጠፍር) ሳይሆን በወገቡና በእግሩ መያዝ የሚችል፣ የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ጎረምሳ ነው የሚሻለው። ለእርስዎ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሲጋልብ እያዩ አሥር ነገር መጮኽ ያምርዎታል። በአንድ ግልቢያ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይስጡት፤ «ዛቡን አላላ» ካሉት ያን ቀን ሌላውን ይተዉለት።

አሁን ወደ ሦስቱ ፈረሶች እንምጣ። ዳማውን ይቀበሉ። ቡላውን አፉን ከፍተው ይዩት። ከፊት፣ ከላይም ከታችም ስድስት ስድስት ጥርስ አለው። መካከለኞቹ ሁለቱ 2 ዓመት ተኩል ላይ፣ ከእነሱ ጎን ያሉት 3 ዓመት ተኩል ላይ፣ የዳርና ዳሮቹ 4 ዓመት ተኩል ላይ ይቀየራሉ። የወተት ጥርስ ነጭ፣ ትንሽና ድዱ ጋ ቀጠን ያለ ነው፤ ቋሚው ሰፊና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። የዳሮቹ ገና የወተት ከሆኑ ባለቤቱ የሚለው 5 ዓመት አልሞላም። እንዲህ ከሆነ ዘንድሮ እርምጃና ሶምሶማ ብቻ አስለምደው ሕዝብ መሀል እየወሰዱ ያላምዱት፤ ሽምጡ ለከርሞ ይቆይ። የጀርባ አጥንት እድገት የሚያበቃው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ደግሞም ጥርስ በሚቀይርበት ጊዜ ድዱ ስለሚያመው ራሱን የሚወረውረውን ፈረስ ሰው «አመለኛ» ብሎ ይመታዋል፤ አመሉ ዕድሜ ልክ የሚጸናው ያኔ ነው።

ጉራቹ ላይ ባለቤቱን ቀጥ ብለው ያናግሩት። ጓያ ሰውን እንደሚያሽመደምድ በአገራችን የማያውቅ የለም፤ ፈረስ ላይ ደግሞ የኋላ እግሩን ከማድከሙ ሌላ ጉሮሮውን የሚከፍተውን ነርቭ ይጎዳል። ነርቩ ሲሞት የጉሮሮው አንድ ጎን ወደ ውስጥ ይወድቅና ፈረሱ አየር ሲስብ ያጓራል። እርስዎ «እንደ ወናፍ» ያሉት ድምፅ ሲያስገባ የሚሰማ ከሆነ ይኸው ሊሆን ይችላል። ሲያስወጣ ብቻ የሚሰማና ለስለስ ያለ ከሆነ ግን ብዙ ጤነኛ ፈረስም እንዲህ ያደርጋል። ጓያው ዛሬውኑ ይቁም፤ «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። የእንስሳት ሐኪም ይየው። ጓያ ሳይነካ ወራት ቆይቶም ካጓራ ለሽምጥ አይሆንም፤ ሲሮጥ አየር አጥሮት ከነጋላቢው ሊወድቅ ይችላል። ለጭነት፣ ለዝግታ መንገድ ይሆናል። ከባለቤቱ ገንዘብ ተቀብለው ይህን ፈረስ ለውድድር ካዘጋጁ ጥፋቱ የእርስዎ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት እጅዎ ላይ የሚሮጥ አንድ ፈረስ፣ የሚማር አንድ ፈረስ ይኖርዎታል። ለጀማሪ ይበቃል።

ሥራው ከጥቅምት 1 ቢጀመር እስከ ጥር 23 ዋዜማ ልክ 16 ሳምንት ነው። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የፈረስ ልብና ሳንባ በስድስት ሳምንት ገደማ ይበረታል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል። ፈረሱ «ልቀቀኝ፣ ልሩጥ» የሚለው ሳንባው ሲደርስ ነው፤ ያኔ ጅማቱ ገና ነው። የቀድሞ ጋላቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በኮርቻ ላይ የለመደው ፈረሱ ሲጠይቅ መልቀቅ ነውና።

እስከ ጥቅምት 28 ያሉት አራት ሳምንታት የእርምጃ ናቸው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ጀምረው እስከ አንድ ሰዓት ያሳድጉት። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ በመሀሉ ሶምሶማ ያስገቡ፤ መጀመሪያ 5 ደቂቃ፣ በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ተደማምሮ 20 ደቂቃ። በጥቅምት መስኩ ገና ጨቅይቶ ስለሚያዳልጥ ከመንገድ ዳር ጠንከር ያለውን ይምረጡ። ከጥቅምት 29 እስከ ታኅሣሥ 3 ባሉት አምስት ሳምንታት ደንገላሳ (ከሶምሶማ ፈጠን፣ ከሽምጥ ዝግ ያለው ሩጫ) ይጨመራል፤ 5 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ብለው ጀምረው ወደ 8 ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በመሀሉ 5 ደቂቃ እርምጃ። አንከሻ ዳገት አያጣም፤ ዳገት በእርምጃ መውጣት ኋላውን ያበረታል፣ ጅማቱንም አያስጨንቅም። ቁልቁለት ግን በሶምሶማ እንኳ አይወረድም።

ፍጥነት የሚገባው ከታኅሣሥ 4 እስከ ጥር 8 ነው። በሳምንት ከሁለት ቀን አይበልጥ፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ ሦስት ቀን ይለፍ። 400 ሜትር በገመድ ለክተው ሁለት ችካል ይትከሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት 200 ሜትር ሁለት ጊዜ፣ ኋላ 400 ሜትር ሦስት ጊዜ ያስሩጡት። 400ው በ40 ሴኮንድ ይለቅ፤ በስልክዎ ይለኩት። 40 ሴኮንድ ሽምጥ አይደለም፤ ልጁም ፈረሱም «ቀረን» ይላሉ፤ ይቅርባቸው። ሽምጡ በሳምንት አንድ ቀን፣ በመጨረሻው ዙር፣ ለመጨረሻው 100 ሜትር ብቻ ነው። ዳማው አምና መጨረሻው ላይ የደከመው ፍጥነት አጥቶ አይመስለንም፤ ብዙውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ከታች ያለው የሶምሶማና የደንገላሳ መሠረት ሳይጣል በየቀኑ ሽምጥ የተጋለበ ፈረስ ነው።

ሥራው በዝቶበት እንደሆነ የልቡ ምት ይነግርዎታል። ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ጠርዝ ሥር ጣትዎን ሲያኖሩ እንደ ወፍራም ክር የሚንከባለል የደም ሥር ያገኛሉ። በዝግታ ጫን ብለው 15 ሴኮንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ከሥራ በኋላ 10 ደቂቃ በእርምጃ አስኪደውት ወደ 60 ከወረደ ደህና ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላም ከ64 በላይ ከሆነ ያን ቀን አብዝተውበታል፤ ነገ እርምጃ ብቻ። ጠዋት ሳይሠራ ምቱ ከወትሮው በ8 ወይም በ10 ከፍ ካለ ሙቀቱን ይለኩት፤ ከ38.5 በላይ ከሆነ ሥራ የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በየጠዋቱ የሚሠሩት የሁለት ደቂቃ ሥራ አለ። ፈረሱ ገና ከበረት ሳይወጣ፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ሳይለቀው፣ ከፊት እግሩ አጠገብ ይንበርከኩ። ከጉልበቱ በታች፣ ከቅልጥሙ ኋላ ያለውን ጅማት በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ከላይ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በዝግታ ይውረዱ። ጤነኛ ጅማት እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ያለ፣ ዳርና ዳሩ የሚለይ፣ ቀዝቃዛ ነው። ቀጥሎ የሌላውን እግር እንዲሁ ይዳስሱ፤ የሚፈልጉት ልዩነት ነው። አንዱ ለብ ካለ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት ካገኙ፣ ወይም እግሩን አንስተው ጫን ሲሉት ከነጠቀዎት፣ ባያነክስም ያን ቀን አይወጣም። ወንዝ ውስጥ 20 ደቂቃ ያቁሙት፤ በቀን ሦስት ጊዜ። በማግሥቱም ሙቀቱ ካለ ሐኪም ይጥሩ። ይህን ምልክት ዘልለው ያስሮጡት ፈረስ ጅማቱ ሲበጠስ ከ9 እስከ 12 ወር ይቆማል፤ እሱም ቢድን ነው። በጋለ ብረት መተኮስ የተበጠሰ ጅማት አያድንም። ፈረሱ የሚሻለው ተተኩሶ ስለታመመ ለወራት ሳይሠራ በመቆሙ ነው፤ ሳይተኮስም ማቆም ይቻላል።

ስለ ምግቡ። የ275 ኪሎ ፈረስ በቀን ወደ 5 ኪሎ ጥሩ ድርቆሽ ይፈልጋል፤ ጭድ ከሆነ ያንሳል፣ ሆዱን ይሞላል እንጂ አያበረታም። ገብስ በቀን በግማሽ ኪሎ ጀምረው በየአራት ቀኑ ሩብ ኪሎ ይጨምሩ፤ በአራት ሳምንት 2 ኪሎ ከሩብ ይደርሳል፤ እዚያው ያቁሙት። በሦስት ጊዜ ይከፈል፤ በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ አይለፍ። ሆዱ ትንሽ ነው፤ የተረፈው ገብስ ሳይፈጭ ወደ ኋለኛው አንጀት ወርዶ ይቦካል፤ ቁርጠትና የሰኮና እሳት (የሰኮናው ውስጥ መቆጣት) የሚመጣው ከዚያ ነው። ገብሱ ይሸርከት ወይም ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ እንዳለ ከሰጡት ከፊሉን ፋንድያው ውስጥ ያገኙታል። ዱቄት እስኪሆን ግን አይፈጭ። «አንድ ጣሳ፣ ሁለት ጣሳ» የሚለውን ይተዉና ጣሳዎን አንድ ጊዜ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ የገብስ ጣሳና የፉርሽካ ጣሳ አንድ አይመዝንም። ከገብሱ ላይ በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው። አተላ በዝግጅት ወራት ይቅር። የሻገተ ድርቆሽ አይስጡ፤ አራግፈው ቢሰጡትም አቧራው ሳንባው ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር በተለይ ይያዙ። ፈረሱ የሚያርፍበት ቀን ገብሱ በግማሽ ይቀነስ። እሑድ ከማርያም ወይም ከሚካኤል ጋር ሲያያዝ ፈረሱ ሁለት ቀን ታስሮ ሙሉ ገብሱን ይበላል፤ በሦስተኛው ቀን ሲወጣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ኋላው ይደርቃል፣ ያልበዋል፣ መራመድ ያቅተዋል፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። ብዙ ሰው ቡዳ በላው ይላል። ጡንቻው ነው የተቃጠለው። እዚያው ያቁሙት፣ አይንዱት፣ ሸፍነውት ሐኪም ይጥሩ። በበዓል ቀን መሥራቱ ቢቀር እንኳ መስክ ላይ ተፈትቶ ይዋል።

ውኃ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። «የጋለ ፈረስ ውኃ ይገድለዋል» የሚባለው የተጋነነ ነው፤ 10 ደቂቃ አስኪደው ግማሽ ባልዲ ይስጡት፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሌላ ግማሽ። የሚጎዳው የተጠማውን ፈረስ ደረቅ ገብስ ማብላት ነው።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ከሥራ መልስ ኮርቻውን ሲያወርዱ ጀርባው ሳይጠረግ ይዩት። ላቡ ሁለቱንም ጎን እኩል ያረጠበው ከሆነ ኮርቻው ልኩ ነው። በረጠበው መሀል የመዳፍ ያህል ደረቅ ቦታ ካዩ እዚያ ላይ እንጨቱ ሥጋውን ተጭኖ ላቡን ከልክሎታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁስል የሚወጣው እዚያው ነው። ድብዳብ መደራረብ ጫናውን አያነሳም፤ ኮርቻ ሠሪው እንጨቱን ይጥረበው። ከትከሻው ጉብታና ከኮርቻው መካከል ጋላቢው ተቀምጦ ሦስት ጣት መግባት አለበት። የልጓሙን ብረት በጣትዎ ይዳስሱ፣ ዝገትና ስለት ይኖረዋል፤ አፉንም በሳምንት አንድ ጊዜ ከፍተው ምላሱንና የከንፈሩን ጥግ ይዩ። ሰኮናውን በየቀኑ ያጽዱ፣ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ዳሩን በሞረድ ያስተካክሉ፤ ውስጡን አይጥረቡ፣ በጥር መሬቱ ድንጋይ ነው።

ድብዳብ፣ ልጓምና ብሩሽ ለየፈረሱ ለየብቻ ይሁን። በእግሩና በአንገቱ ከቆዳው ሥር እንደ ዶቃ እየተደረደረ የሚያብጥና የሚፈነዳው ንድፍት ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚሻገረው በቁስል በኩል ነው፤ በዕቃም በዝንብም። እንዲህ ያለ ፈረስ በረትዎ አይግባ። ወረዳው እንስሳት ክሊኒክ ሄደው ስለ አፍሪካ የፈረስ በሽታና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጠይቁ፤ የመጀመሪያውን የምታስተላልፈው ጥቃቅን ተናካሽ ዝንብ ክረምት ሲወጣ ስለምትበዛ ከምሽት እስከ ንጋት ፈረሱ ከረግረግ መስክ ላይ አይደር። ከተከተበ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እርምጃ ብቻ፤ በመርሐ ግብሩ መጀመሪያ ያስከትቡት የምንለው ለዚህ ነው። የትል መድኃኒትም በክብደቱ ተለክቶ በአፍ ይሰጥ፤ የከብቱን መርፌ አያስወጉት። ቁርጠት ሲይዘው አረቄም ዘይትም በጠርሙስ አይጋቱት፣ ወደ ሳንባው ይገባል።

ስንት ልጠይቅ ላሉት፣ ከገብሱ ተነስተው ያስሉት። በላይ በጻፍነው መጠን አንድ ፈረስ በ16 ሳምንት ወደ 2 ኩንታል ገብስና ከ5 ኩንታል ተኩል በላይ ድርቆሽ ይበላል። ገበያችሁ ባለው ዋጋ ያባዙት፤ ጨው፣ ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ የጋላቢውና የጠባቂው አበል ይደመር። ይህ ወጪ ነው፤ በየወሩ መጀመሪያ በባለቤቱ ይሸፈን፣ ወይም ገብሱን በዓይነት ያምጣ። የእርስዎ ድካም ከዚህ በላይ ለብቻው ወርኃዊ ክፍያ ይኑረው። «ካሸነፈ እንከፍልሃለን» የሚለውን አይቀበሉ። ሽልማት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ባልደራስ ጅማቱ የሞቀውን ፈረስ ማስሮጥ ይቃጣዋል፤ ባለቤቱም ይህን አያውቅም። የሽልማት ድርሻ ቢኖር ተጨማሪ ይሁን።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ጎረቤት ቢሆንም፣ ክርስትና ቢያገናኛችሁም። የፈረሱ መልክ፣ ዕድሜ፣ በመጣበት ቀን ያለበት ጠባሳ፣ ፎቶ፣ ሁለት ሦስት ምስክር። የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ካልተጻፉ ጠብ ይመጣል፦ ፈረሱ ቢታመም የሐኪም ወጪ የማን ነው፣ ቢሞት ምን ይሆናል፣ «ዛሬ አይሮጥም» የማለት መብት የማን ነው። ሦስተኛው የእርስዎ እንዲሆን ይጠይቁ። ባለቤቱ እምቢ ካለ ፈረሱን አይውሰዱ።

ይህ መብት የሚፈተነው በጥምቀት ነው። ጥር 11 ከጥር 23 በፊት 12 ቀን ብቻ ይቀራል፤ ባለቤቱ በታቦቱ ፊት ማሳየት ይፈልጋል። ይምጣ፤ እልልታና ከበሮ፣ ጥላና ነጠላ መሀል በእርምጃ ይመላለስ፣ ለቡላውም ለዳማውም ጥሩ ትምህርት ነው። ግን አይጋለብም። ከጥር 8 በኋላ ሥራው እየቀለለ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ጠንካራ ሥራ ጥር 14 ወይም 15 ነው፤ ከዚያ ወዲህ እርምጃ፣ ሶምሶማ፣ አንድ ቀን 200 ሜትር ለማንቃት ያህል።

ወደ እንጅባራ ቢቻል ጥር 21 ይድረስ፤ የራሱ ድርቆሽና የራሱ ባልዲ ይዞ። ድንጉላ ከሆነ ከሌላ ድንጉላ ጎን አይታሰር፣ ባዝራ ካለችበት ነፋስ በታችም አይቁም፤ ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ጠዋት ባዶ ይሆናል። «ሆዱ እንዲቀል» ብለው እንዳያስርቡት። ገብሱን ከውድድሩ አራት አምስት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ግማሽ ኪሎ፤ ድርቆሽ ጥቂት ጥቂት፤ ውኃ ውድድሩ አንድ ሰዓት እስኪቀረው። አረቄ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም፤ አያስቀምሱት። የሰከረ ፈረስ መሬቱን አያይም።

ጥር 24 ጠዋት ገብሱን በግማሽ ቀንሰው ይስጡት። ከዚያ ልጁ በገመድ ይዞ ጠንካራው መሬት ላይ በሶምሶማ ያምጣው፣ ራሱን ይዩ፤ ሁለቱንም ቅልጥም ይዳስሱ። ጅማት ብዙ ጊዜ የሚሞቀው በውድድሩ ማግሥት ነው፤ ባለቤቱ ሽልማቱን ይዞ እየዞረ ስለሚሆን የሚያየው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ንጹሕ ሆኖ ካገኙት ሁለት ሳምንት መስክ ላይ ይፈቱት።